ገንዘቡ ሄደ፤ ሰዎቹ ቀሩ

ወሩ ህዳር፣ ዓመቱ 1963 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአትላንታ ከተማ ወደ ሚሲሲፒ ግዛት አንድ ደብዳቤ ተላከ። ጸሐፊው ዋይሊ ብራንተን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ጠበቃ ናቸው። ተቀባዮቹ ሁለት ናቸው፤ የክላርክስዴል ከተማው የመድኃኒት ቤት ባለቤት አሮን ሄንሪ እና ከኒውዮርክ የመጣው የ28 ዓመቱ የሂሳብ መምህር ቦብ ሞሰስ።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር አጭር ነበር። በሚሲሲፒ ለመራጮች ምዝገባ ሲሰጥ የቆየው ገንዘብ ከእንግዲህ ይቆማል። ምክንያቱም ውጤት አልተገኘም።

ቁጥር ብቻ ለሚያይ ሰው ብራንተን አልተሳሳቱም። የሚመሩት ፕሮጀክት በሚሲሲፒ ወደ 50 ሺህ ዶላር ገደማ አፍስሷል። በዚህ ሁሉ ወጪ በመዝገብ ላይ የሰፈሩት አዲስ ጥቁር መራጮች 4 ሺህ እንኳ አልሞሉም። ለዚህች ጥቂት ቁጥር ደግሞ ሰው ተገድሏል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ወጣቶች ታስረዋል፣ ተደብድበዋል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ደብዳቤው በተጻፈ በዘጠኝ ወሩ ከዚያው ግዛት የተነሱ እኩል አራሾችና የቤት ሠራተኞች የዲሞክራቲክ ፓርቲን አገር አቀፍ ጉባኤ አናወጡት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመምረጥ መብት ሕግ ታወጀ። በ1967 ደግሞ ከመቶ 7 ያልሞላው የሚሲሲፒ ጥቁሮች ምዝገባ ከመቶ 60 ጫፍ ደረሰ።

ገንዘቡ የተቋረጠው አዝመራው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር ማለት ነው። ማንም ዞር ብሎ በማያየው አካባቢ፣ ዓመታት የሚፈጅ ሕዝብን የማደራጀት ሥራ ለሚደግፍም ሆነ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል።

▪️ ሁሉም የተወው ግዛት

በ1960 ከሚሲሲፒ ሕዝብ ከመቶ 42 ያህሉ ጥቁር ነበር። የጥጥ እርሻ በተንጣለለበት፣ ዴልታ ተብሎ በሚጠራው የግዛቱ ሰሜን ምዕራብ ክፍል ደግሞ ጥቁሮች በብዙ ወረዳዎች ከነጮች ይበልጡ ነበር። የግዛቱ ፖለቲካ ከላይ እስከ ታች ጥቁሮችን ከድምፅ መስጫ ሳጥን አርቆ ለማቆየት የተሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። መመዝገብ የሚፈልግ ሰው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሄዳል። መዝጋቢው ከግዛቱ ሕገ መንግሥት 285 አንቀጾች መካከል ደስ ያለውን መርጦ «ጻፍ፤ ከዚያም ተርጉም» ይለዋል። ትርጉሙ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ያው መዝጋቢ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ጥቁር «ወድቀሃል» ሊባል ይችላል፤ ፊደል በቅጡ ያልለየ ነጭ ያልፋል። ይህም አልበቃ ብሎ የምርጫ ግብር አለ። በ1962 የወጣ ሕግ ደግሞ ለመመዝገብ ያመለከተ ሰው ስም በአካባቢው ጋዜጣ ለሁለት ሳምንት እንዲወጣ አዘዘ። ለአሠሪው፣ ለአከራዩ፣ ለባንኩ እና ማታ ማታ ቤት ለሚያቃጥሉት ከዚህ የተሻለ የስም ዝርዝር አልነበረም።

በዚህ የተነሳ ብሔራዊ ፖለቲከኞች ሚሲሲፒን እንደ ጠፋ መሬት ነበር የሚቆጥሩት። ድምፅ የለም፤ ስለዚህ ዘመቻ የለም። ዘመቻ ስለሌለ ገንዘብ የለም። ገንዘብ ስለሌለ ደግሞ ድምፅ አይኖርም። ችላ የተባለ አካባቢ ችላ እንደተባለ የሚኖረው እንዲህ ባለ ክብ ውስጥ ነው።

▪️ ከፈንዱ በፊት የነበሩት

የዚህ ታሪክ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በ1961 ቦብ ሞሰስ ማኮም ከተማ ሲደርስ ነው። ሞሰስ ራሱ ግን እንዲያ አልጀመረም። በ1960 ክረምት ወደ ሚሲሲፒ ሲጓዝ በኪሱ የስም ዝርዝር ይዞ ነበር። ዝርዝሩን የሰጡት ኤላ ቤከር ናቸው።

ኤላ ቤከር በ1940ዎቹ ትልቁን የጥቁሮች መብት ማኅበር ኤንኤኤሲፒን ወክለው የደቡብን ግዛቶች በአውቶቡስና በባቡር ሲያዳርሱ የኖሩ ሴት ናቸው። በየመንደሩ ማን እንደሚታመን፣ ማን ቤቱን እንደሚያበድር፣ ማን ሲፈራ እንኳ ቃሉን እንደማያጥፍ ያውቃሉ። በሚያዝያ 1960 ተማሪዎች በራሌይ ከተማ ተሰብስበው ስኒክ በመባል የታወቀውን የተማሪዎች ድርጅት ሲመሠርቱ የጉባኤው ወጪ 800 ዶላር ነበር። ያን ገንዘብ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ድርጅት ያስፈቀዱት እሳቸው ናቸው። ከ800 ዶላሩ ይልቅ ግን ዋጋ ያወጣው የስም ዝርዝሩ ነው።

ከስሞቹ አንዱ አምዚ ሙር ነበሩ። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ዘማች፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ በክሊቭላንድ ሚሲሲፒ የነዳጅ ማደያ ባለቤት። በ1954 በዴልታዋ ኢንዲያኖላ ከተማ የነጮች ምክር ቤት የተባለው ቡድን ሲመሠረት ዋና መሣሪያው ኢኮኖሚ ነበር። ለመብቱ የተነሳን ጥቁር ብድር ይከለክሉታል፣ ዕዳውን ባንዴ ክፈል ይሉታል፣ ከሥራ ያባርሩታል፣ ከእርሻው ያስነቅሉታል። ሙርም የዚህ ቅጣት ቀማሽ ነበሩ። በ1955 ቤልዞኒ ከተማ ቄስ ጆርጅ ሊ፣ ብሩክሄቨን ከተማ ደግሞ ላማር ስሚዝ ሰው ለምርጫ በማነሳሳታቸው ተገደሉ።

የገንዘቡ ታሪክ በእውነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዘመን የማውንድ ባዩው ሐኪም ቲ.አር.ኤም. ሃዋርድ እና ኤንኤኤሲፒ አንድ ዘዴ ዘየዱ። በመላ አሜሪካ ያሉ የጥቁር ማኅበራት፣ ቤተ ክርስቲያናትና ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ሜምፊስ ወደሚገኘው የጥቁሮች ባንክ፣ ትራይ ስቴት፣ እንዲያዛውሩ ጠየቁ። ባንኩ በነጮቹ ባንኮች ብድር ለተከለከሉት የሚሲሲፒ ሰዎች እንዲያበድር ነው። ወደ 300 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ተቀማጭ ተሰበሰበ። በ1956 ደግሞ ኤላ ቤከር፣ ቤያርድ ረስቲን እና ስታንሊ ሌቪሰን በኒውዮርክ «ኢን ፍሬንድሺፕ» የተባለች ትንሽ ቡድን አቋቁመው በፖለቲካ ተሳትፏቸው ከእንጀራቸው ለተፈናቀሉ ሰዎች ገንዘብና ልብስ ይልኩ ጀመር። ሙር ከተረዱት አንዱ ናቸው።

ይህ ገንዘብ አንድም መራጭ አላስመዘገበም። በየትኛውም የለጋሽ ሪፖርት ላይ «ውጤት» ተብሎ የሚጻፍ ቁጥር የለውም። ያደረገው ነገር ቢኖር አምዚ ሙርን የመሰሉ ሰዎች ቺካጎ ሳይሰደዱ እዚያው እንዲቆዩ መርዳት ነው። በ1960 ሞሰስ ሲመጣ የሚያንኳኳው በር የተገኘው በዚህ ነው። ለወጣቱ የተማሪዎቹ የምግብ ቤት ተቃውሞ ለዴልታ እንደማይሆን፣ እዚህ ነገሩ ሁሉ ድምፅ ማግኘት እንደሆነ ያስረዱት ሙር ናቸው። የሥራው ዕቅድ ከመንደሩ ሰው መጣ።

▪️ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጸጉር ሠሪ እና የታገሠ ገንዘብ

ከሚሲሲፒ ርቆ፣ በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ፣ ጆንስ አይላንድ የምትባል ደሴት አለች። በ1950ዎቹ ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ጥቁር ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ኢሳው ጄንኪንስ በአውቶቡሳቸው ሰው ወደ ቻርልስተን ከተማ ለሥራ ያመላልሳሉ። አሊስ ዋይን የተባሉ ተሳፋሪ አንድ ቀን «ማንበብ ብታስተምረኝ ተመዝግቤ እመርጣለሁ» አሏቸው። ጄንኪንስ የግዛቱን ሕገ መንግሥት ክፍል አባዝተው በጉዞ ላይ ለተሳፋሪዎቻቸው ማስተማር ጀመሩ።

ጄንኪንስ በ1954 በመምህርት ሴፕቲማ ክላርክ በኩል ከሃይላንደር ጋር ተገናኙ። ሃይላንደር በ1932 በቴነሲ ተራሮች የተቋቋመ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ከ1953 ጀምሮ ይደግፍ የነበረው ደግሞ የኤሚል ሽዋርትስሃውፕት ፋውንዴሽን ነው። ሽዋርትስሃውፕት ከጀርመን የፈለሱ የመጠጥ ነጋዴ ሲሆኑ በኑዛዜያቸው አንድ ያልተለመደ ነገር አዘዋል፤ ገንዘቡ እሳቸው ባለፉ በ25 ዓመት ውስጥ ተከፍሎ ማለቅ አለበት። ፋውንዴሽኑ ራሱን ለዘላለም ለማኖር የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም። ገንዘቡንም በአገሪቱ ለተበተነ መቶ ጉዳይ አላከፋፈለውም። ጥቂት ቦታ መርጦ ለዓመታት ቆየ።

የመጀመሪያዎቹ የሃይላንደር ሙከራዎች እዚያው ቴነሲ ውስጥ ብዙም አልሠመሩም። ሌላ ለጋሽ ቢሆን ሻንጣውን ይሸክፍ ነበር። ይህኛው ግን ሃይላንደር አቅጣጫውን ወደ ጆንስ አይላንድ ሲያዞር አብሮ ዞረ።

እዚያም ቢሆን ሥራው ዝግ ያለ ነበር። የደሴቱ ሰዎች ከሃይላንደር 1,500 ዶላር ያለ ወለድ ተበድረው አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት ገዙ። ከፊት ለፊት የኅብረት ሱቅ ከፈቱ፤ ከጀርባ ያለውን ክፍል ለማስተማሪያ አዋሉት። የሸቀጡ መደብር የነጮችን ዓይን ያሳስታል፤ ገቢውም ብድሩን ይከፍላል። አስተማሪ ሆነው የተመረጡት በርኒስ ሮቢንሰን የተባሉ ጸጉር ሠሪ ናቸው። ምርጫው በአጋጣሚ የተደረገ አይደለም። የግዛቱ ሕግ አውጪዎች በ1956 የመንግሥት ሠራተኛ የኤንኤኤሲፒ አባል እንዳይሆን ከልክለው ሴፕቲማ ክላርክን ከ40 ዓመት የማስተማር አገልግሎት በኋላ ከሥራም ከጡረታም አፈናቅለዋቸዋል። ጸጉር ሠሪዋን ግን ማንም ነጭ ሊያባርራቸው አይችልም፤ ደንበኞቻቸው ጥቁሮች ናቸው።

ጥር 7 ቀን 1957 ትምህርቱ በ14 ሰዎች ተጀመረ። ሮቢንሰን መጀመሪያ የጠየቁት «ምን መማር ትፈልጋላችሁ?» ብለው ነው። ተማሪዎቹ ስማቸውን መጻፍ፣ ልጆቻቸው ከሩቅ የሚልኩትን ደብዳቤ ማንበብ፣ በፖስታ ዕቃ ማዘዣ ቅጽ መሙላት ፈለጉ። ሕገ መንግሥቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ለጎልማሳ ሰው የልጅ መጽሐፍ የሚያስይዘው የቀድሞው የጎልማሶች ትምህርት ያልተሳካበት ምክንያትም በዚህ ታወቀ።

ከአንዲት የሱቅ ጓዳ የተነሳው ትምህርት ወደ ጎረቤት ደሴቶች ተዛመተ። በ1961 የቴነሲ መንግሥት ሃይላንደርን ሲዘጋው ፕሮግራሙ ወደ ኪንግ ድርጅት ተዛወረ፤ የፊልድ ፋውንዴሽንም ገንዘብ ሰጠው። እስከ 1970 ድረስ በመላው ደቡብ ወደ 900 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ የዜግነት ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ከመጀመሪያው የሽዋርትስሃውፕት ድጋፍ እስከ መጀመሪያው ክፍል ድረስ አራት ዓመት ማለፉን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአንድ ዓመት ሪፖርት የሚለካ ፕሮጀክት ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ዓመት ተዘግቶ ነበር።

▪️ የዋሽንግተን ሐሳብ

አሁን ወደ ብራንተን ደብዳቤ እንመለስ። በ1961 የፍሪደም ራይድ ተጓዦች በአላባማ በደም ሲለወሱ የኬኔዲ አስተዳደር ተጨነቀ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ወጣቶቹ ከአውቶቡስ ተቃውሞ ወደ መራጮች ምዝገባ ፊታቸውን ቢያዞሩ ይመርጡ ነበር። ምዝገባ ጸጥ ያለ ነው፤ ድምፁም ለፓርቲው ይጠቅማል። የታኮኒክ፣ የፊልድ እና የስተርን ቤተሰብ ፋውንዴሽኖች ገንዘብ ለመስጠት ተስማሙ። በ1962 የመራጮች ትምህርት ፕሮጀክት በአትላንታ ተከፈተ፤ የሊትል ሮክ ተማሪዎች ጠበቃ የነበሩት ብራንተንም ዳይሬክተር ሆኑ።

በሚሲሲፒ ያሉት ድርጅቶች ገንዘቡን በጋራ ለመቀበልና ለመሥራት ኮፎ በሚባል ጥላ ሥር ገቡ። አሮን ሄንሪ ሰብሳቢ፣ ሞሰስ የሥራው መሪ ሆኑ። የስኒክ የመስክ ሠራተኛ ደሞዝ በሳምንት 10 ዶላር ነበር፤ ግብር ሲቆረጥ 9 ዶላር ከ64 ሳንቲም ይቀራል። ያም ቢሆን በየሳምንቱ አይደርስም። የሚያድሩት በገበሬ ቤት ነው፤ የሚበሉትም ከገበሬው ማዕድ ነው።

በ1962 መጸው የሌፍሎር ወረዳ አስተዳደር የፌዴራሉን የእርዳታ እህል ማከፋፈል አቆመ። ወደ 22 ሺህ ሰው የሚጠብቀው ዱቄት፣ ሩዝና ወተት ቀረ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ለመመዝገብ የሚነሳ ሰው በረሃብ ይቀጣ። ስኒክ ከሰሜን ከተሞች ምግብና ልብስ ማስመጣት ጀመረ። ኮሜዲያኑ ዲክ ግሪጎሪ ምግብ በአውሮፕላን አስጭኖ ከቺካጎ ላከ። ምግብ ለመቀበል የተሰለፈው ሕዝብ ወደ ፍርድ ቤቱም መሰለፍ ጀመረ። እህሉ የተከለከለው በምርጫ ምክንያት መሆኑን ሁሉም በሆዱ አወቀ።

የካቲት 28 ቀን 1963 ማታ ከግሪንዉድ በወጣች አንዲት መኪና ላይ ጥይት ዘነበ። ጂሚ ትራቪስ አንገቱ ላይ ተመታ፤ በተአምር ተረፈ። አጠገቡ ሞሰስ ነበር። ሦስተኛው ሰው ራንዶልፍ ብላክዌል፣ የብራንተን ፕሮጀክት የመስክ ኃላፊ ናቸው። ለጋሹ እንግዲህ የሚሲሲፒን ሁኔታ የሚያውቀው በወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ጥይቱ አጠገቡ አልፏል። ብራንተንም መጀመሪያ አላፈገፈጉም፤ ተጨማሪ ሠራተኞችን ወደ ግሪንዉድ አዘመቱ። ወደ ፍርድ ቤቱ ከሄዱት ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ግን መዝጋቢው የተቀበለው እጅግ ጥቂቱን ነው።

ለብራንተን ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ፕሮጀክታቸው በሁለት ዓመት ተኩል በ11 ግዛቶች 870 ሺህ ዶላር ገደማ አውጥቶ ወደ 690 ሺህ የሚጠጉ መራጮችን አስመዝግቧል። ይህ በአማካይ ለአንድ መራጭ አንድ ዶላር ከሩብ ገደማ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ግን አንድ መራጭ ከ12 ዶላር በላይ ይፈጃል። ያው ገንዘብ በቴነሲ ወይም በጆርጂያ አሥር እጥፍ ሰው ያስመዘግባል። ጥበቃ ማድረግ የነበረበት የፌዴራል መንግሥት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ኮፎ ደግሞ በዚያው መጸው አሮን ሄንሪን ለአገረ ገዥነት ያቀረበ የራሱን የማስመሰያ ምርጫ እያዘጋጀ ነበር፤ ከግብር ነፃ በሆነ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ፕሮጀክት ወደ ፖለቲካ ከተጠጋ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ብዙ ሰው የብራንተንን ውሳኔ ይወስን ነበር።

ስህተቱ ከስሌቱ ሳይሆን ከመለኪያው ነው። መዝጋቢው በሩን በዘጋበት አገር የተመዘገበ ሰው ቁጥር የሚለካው የመዝጋቢውን ክፋት እንጂ የሕዝቡን መደራጀት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄዶ «አትችልም» ተብሎ የተመለሰ ገበሬ በሪፖርቱ ላይ ዜሮ ነው። በመንደሩ ግን ያ ሰው ከሄደበት በፊት የነበረው ሰው አይደለም።

▪️ ዜሮ የተባሉት ሰዎች

ፋኒ ሉ ሄመር ከእነዚህ «ዜሮዎች» አንዷ ነበሩ። ነሐሴ 31 ቀን 1962 ከ17 ሰዎች ጋር ኢንዲያኖላ ሄደው ለመመዝገብ ጠየቁ፤ ወደቁ። ለ18 ዓመት ከሠሩበት የጥጥ እርሻ በዚያው ቀን ተባረሩ። በሰኔ 1963 ከደቡብ ካሮላይና የዜግነት ትምህርት ሥልጠና ሲመለሱ ዊኖና ከተማ ላይ ታስረው ክፉኛ ተደበደቡ። የጆንስ አይላንዷ የሱቅ ጓዳ ልጆች እነሆ ዴልታ ደርሰው ነበር።

ደብዳቤው በተጻፈበት በዚያው ህዳር በተካሄደው የማስመሰያ ምርጫ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ጥቁር ሚሲሲፒያውያን በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየጸጉር ቤቱ፣ በየሱቁ ድምፅ ሰጡ። በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ግን «ጥቁሮች መምረጥ አይፈልጉም» የሚለውን ውሸት ለዘላለም ቀበረው። በ1964 በጋ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ ነጭ ተማሪዎች፣ ከሰሜን መጡ። ጄምስ ቼኒ፣ አንድሩ ጉድማን እና ማይክል ሽዌርነር ሰኔ 21 ቀን ተገደሉ። በዚያ በጋ 17 ሺህ ያህል ሰው ለመመዝገብ ሞከረ፤ የተሳካላቸው 1,600 ገደማ ናቸው። በለጋሽ ዓይን ይህም ውድቀት ነው።

በነሐሴ ሄመር በአትላንቲክ ሲቲ ጉባኤ ፊት ቀርበው የዊኖናውን ድብደባ በቴሌቪዥን ተናገሩ። የሚሲሲፒ ፍሪደም ዲሞክራቲክ ፓርቲ 68 ተወካዮች የግዛቱን ሕጋዊ ወንበር ጠይቀው ሁለት ብቻ ሲቀርብላቸው እምቢ አሉ። በነሐሴ 1965 የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ።

ሕጉን ያመጣው የሚሲሲፒ ሥራ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የሴልማ ድልድይ አለ፣ የፌዴራል መዝጋቢዎች መላክ አለ። ሕግ በወጣ ማግስት የሆነው ግን አስተማሪ ነው። ያው የብራንተን ተቋም ከሕጉ በኋላ ባካሄደው ጥናት የፌዴራል መዝጋቢ እና የአካባቢ ድርጅት ሁለቱም ያሉባቸው ወረዳዎች ከሌሎቹ የበለጠ ሰው አስመዘገቡ። ሕጉ በሩን ከፈተ፤ ሰዉን እስከ በሩ ያደረሰው ግን ቀድሞ የተደራጀው ጎረቤት ነው።

▪️ መሬቱ የማን ነው?

በዴልታ ጠርዝ ያለችው ሆልምስ ወረዳ ሌላ ምስጢር ትነግረናል። በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ የሩዝቬልት መንግሥት ማይልስተን በምትባል ቦታ ትላልቅ እርሻዎችን ገዝቶ ከ100 ለሚበልጡ ጥቁር ቤተሰቦች በረጅም ጊዜ ብድር ሸጠላቸው። ዓላማው ድህነትን መቀነስ እንጂ ፖለቲካ አልነበረም።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 1963፣ ከዚያችው አካባቢ 14 ሰዎች ተሰልፈው ወደ ሌክሲንግተን ከተማ ፍርድ ቤት ሄዱ። ከፊት የቆሙት ገበሬው ሃርትማን ተርንቦው ነበሩ። ከአንድ ወር በኋላ ሌሊት ቤታቸው ላይ የእሳት ጠርሙስ ተወረወረ። ተርንቦው ጠመንጃቸውን አንስተው ተኩሰው አባረሩ። በማግስቱ የራሳቸውን ቤት አቃጥለዋል ተብለው የታሰሩት እሳቸው ናቸው። ከመሬታቸው ግን ማንም ሊነቅላቸው አልቻለም፤ መሬቱ የራሳቸው ነውና። በ1967 ይህችው ወረዳ መምህሩን ሮበርት ክላርክን ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ላከች። በዚያ ክፍለ ዘመን ወደ ሚሲሲፒ ምክር ቤት የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ።

የነዳጅ ማደያው፣ የጸጉር ቤቱ፣ የኅብረት ሱቁ እና የማይልስተን መሬት አንድ ነገር ያገናኛቸዋል። ሁሉም የጠላት እጅ የማይደርስበት እንጀራ ናቸው። ለእድርና ለዕቁብ ለኖረ ሕዝብ ይህ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ሰው በችግሩ ቀን የሚደርስለትን ካወቀ በክፉ ቀን ወደፊት ይቆማል።

የተገላቢጦሹም ታይቷል። በ1965 በጋ በሚሲሲፒ ድሆች የሚመራ የሕፃናት ፕሮግራም ከፌዴራል መንግሥት 1.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አግኝቶ ወደ 6 ሺህ ልጆችን ተቀበለ። እናቶች ከነጭ ቤት ጥገኝነት ነፃ የሆነ ደሞዝ አገኙ። ሴናተር ጆን ስቴኒስ ግን በዋሽንግተን ተነሱበት፤ በ1966 መንግሥት ገንዘቡን ቆርጦ ለሌላ ድርጅት ሊሰጥ ተንቀሳቀሰ። ከብዙ ጩኸት በኋላ የተመለሰው ከፊሉ ነው። ሄመር ራሳቸው በ1969 የመሠረቱት የፍሪደም ፋርም እርሻም ከሰሜን በሚመጣ ልገሳ ቆሞ፣ ልገሳው ሲሳሳ በ1970ዎቹ አጋማሽ ፈረሰ። ለሕዝብ ራስን መቻል የታሰበው እርሻ ራሱን የሚችልበት ጊዜ አልተሰጠውም።

▪️ አምስት ግዛት

በ1969 የአሜሪካ ምክር ቤት የግብር ሕጉን አሻሻለ። ከዚያ ወዲህ አንድ የግል ፋውንዴሽን ለመራጮች ምዝገባ ለይቶ ገንዘብ መስጠት የሚችለው ተቀባዩ ድርጅት ቢያንስ በአምስት ግዛቶች የሚሠራ ከሆነ ነው። ሕጉ ሥራው በአንድ የምርጫ ወቅት ብቻ እንዳይወሰን ማዘዙ መልካም ነው። የአምስት ግዛቱ ግዴታ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ሰፊ ሁን፣ ጥልቅ አትሁን። በአንዲት ችላ በተባለች ወረዳ አሥር ዓመት ልቀመጥ የሚል ድርጅት ከዚያ በር ደጃፍ ይቀራል።

ሌላው ልማድ በሕግ አልተጻፈም፤ ግን ከሕግ ይጠብቃል። ገንዘብ የሚመጣው ምርጫ ሲቃረብ ነው። ወጣቶች ይቀጠራሉ፣ በር ይንኳኳል፣ ስም ይሰበሰባል። ምርጫው ባለፈ ማግስት ቢሮው ይዘጋል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ወጣት መጥቶ ያንኑ በር እንደ አዲስ ያንኳኳል። ፕሮጀክት ሲዘጋ መኪናውም ሎጎውም አብሮ ሲሄድ ያየ አንባቢ ይህን ጠባይ ሚሲሲፒ ድረስ መሄድ ሳያስፈልገው ያውቀዋል።

አምዚ ሙር ግን ቢሮ አልዘጉም፤ ቢሮው ቤታቸው ነበር። ሌሊት ሌሊት ግቢያቸውን በመብራት አጥለቅልቀው፣ መሣሪያቸውን አጠገባቸው አድርገው እንግዶቻቸውን ያሳድሩ ነበር። ከፈንዱ በፊት እዚያ ነበሩ፤ ከፈንዱም በኋላ እዚያው ኖሩ።

በክፍለ ዘመኑ መገባደጃ ሚሲሲፒ ከማንኛውም የአሜሪካ ግዛት የበለጠ የተመረጡ ጥቁር ባለሥልጣናት ነበሯት። ያ ቁጥር በየትኛውም የ1963 ሪፖርት ላይ አልተተነበየም፤ ሊተነበይም አይችልም ነበር። ብራንተን የቆጠሩት የተመዘገቡትን ነው። ኤላ ቤከር ግን ከ20 ዓመት በፊት ጀምሮ የሚቆጥሩት ሌላ ነገር ነበር፤ በየመንደሩ ቤቱን የሚከፍት ሰው ስንት እንደሆነ።